ለማወቅ ማን ይክፈል? የአሮጌ ፋብሪካ መሬትና የመንግሥት ገንዘብ ታሪክ

በ1953 ሁከር ኬሚካል የተባለ ኩባንያ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኒያጋራ ፎልስ ከተማ ውስጥ የነበረውን አንድ ቁራሽ መሬት ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ ሸጠ። (ዘመኑን ሁሉ፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።) ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። አዎ፣ አንድ! ከዋጋው ይልቅ የሚያስገርመው ግን የሽያጭ ውሉ ነው። መሬቱ በኬሚካል ተረፈ ምርት የተሞላ መሆኑ ለገዢው እንደተነገረው፣ ወደፊት በዚህ ሳቢያ ሰው ቢጎዳ ሻጩ እንደማይጠየቅ በግልጽ ሰፍሮበታል። የትምህርት ቦርዱም ይህን እያነበበ ፈረመ። ትምህርት ቤት ሠራበት፤ በዙሪያውም የሠራተኛ ቤቶች በቀሉ።

ቦታው ላቭ ካናል ይባላል። ስሙ ከፍቅር ጋር ምንም አያገናኘውም። በ1890ዎቹ ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው ቦይ ቆፍሮ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ፣ በዳርና ዳሩም የሞዴል ከተማ ሊቆረቁር አልሞ፣ ገንዘብ አልቆበት እንደጀመረው ጥሎት የሄደው ጉድጓድ ነው። ሁከር ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ቆሻሻ በዚህ ጉድጓድ ቀበረ። ከዚያ አፈር አለበሰውና ከላይ ያልነውን ውል ጻፈ።

ላቭ ካናልን ብዙዎቻችሁ በዶክመንተሪ አይታችሁት ይሆናል። የመርዙን ታሪክ ደግመን ልናወራ አይደለም የተነሳነው። እኛን የያዘን ሌላ ጥያቄ ነው። አንድ ፋብሪካ ተዘግቶ መሬቱ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ የማወቂያውን ሒሳብ የሚከፍለው ማነው? ስለ ጽዳቱ አይደለም የምንጠይቀው፤ ስለ ማወቁ ብቻ ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። አሜሪካኖቹ ግን መልሱን ለማግኘት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ በመሐሉም አንድ ትልቅ ሕግ ሳይታሰብ ማወቅን ራሱን አደገኛ ነገር አድርጎት ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

በላቭ ካናል ከመሬቱ በታች ምን እንዳለ ለማወቅ መጀመሪያ ከተንቀሳቀሱት መካከል መንግሥት የለም፤ ጋዜጣ ነው ያለው። (የሙያ አድልዎ ካላችሁን እንቀበላለን።) በ1976 የኒያጋራ ጋዜት ሁለት ሪፖርተሮች በአካባቢው ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ከሚገኙ የውኃ መሳቢያ ፓምፖች ናሙና ወስደው አስመረመሩ፤ መርዛማ ኬሚካሎችም ተገኙ። ከእነሱ በኋላ ማይክል ብራውን የተባለ የዚያው ጋዜጣ ዘጋቢ በር እያንኳኳ የነዋሪዎችን ሕመም መመዝገብ ጀመረ። ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት ይማር የነበረ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሎይስ ጊብስ የተባለች እናት ደግሞ ጎረቤቶቿን አደራጀች። አንድ የከተማ ጋዜጣና አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ ግዛት ሙሉ ባጀት ይዞ ያልሠራውን ምርመራ አስጀመሩት።

ነሐሴ 1978 ላይ በመጀመሪያ የኒውዮርክ ግዛት የጤና ኮሚሽነር፣ ከቀናት በኋላም ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በመጀመሪያው ዙር 239 ቤተሰቦች ለቀው ወጡ፤ በ1980 ሌሎች መቶዎች ተከተሏቸው። ያቺ የአንድ ዶላር ውልም ኩባንያውን አላዳነችውም። ሁከርን የገዛው ኦክሲደንታል በ1995 ለፌዴራል መንግሥቱ 129 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ካርተር ምርጫ ተሸንፈው ሻንጣ በሚሸክፉበት ሰሞን፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1980፣ ዛሬ ሱፐርፈንድ እየተባለ የሚጠራውን ሕግ ፈረሙ። በነዳጅና በኬሚካል ላይ ቀረጥ ተጥሎ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ቋት ተቋቋመ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ በአጭሩ ኢ.ፒ.ኤ፣ ከቋቱ እያወጣ እጅግ የከፉትን ቦታዎች ያጸዳል፤ ከዚያ በካዩን ፈልጎ ሒሳቡን ያስከፍላል።

የሕጉ ጥርስ ግን ተጠያቂነቱ ላይ ነው። ጥፋትህ ባይረጋገጥም ትከፍላለህ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለተፈጸመው ሁሉ ትከፍላለህ። አሥር ሰው የጣለውን ቆሻሻ አንተ ብቻ ከተገኘህ ሙሉውን ልትከፍል ትችላለህ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ የመሬቱ የዛሬ ባለቤት በመሆንህ ብቻ ልትጠየቅ ትችላለህ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በካይ ይክፈል የሚለውን መርህ ማንም አእምሮ ያለው ሰው ይደግፈዋል፤ እኛም እንደግፈዋለን። የሕግ አውጪዎቹ ዓይን ላቭ ካናል ላይ ስለነበር ግን፣ በየከተማው የተኛው ተራ ፋብሪካ፣ የተዘጋ ላውንደሪ፣ የፈረሰ ማደያ ጉዳይ ብዙም አልታያቸውም።

የሆነው ይህ ነው። የዚያን ዘመን የብረት፣ የመኪናና የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ እየተንኮታኮተ ነበር። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ባለቤቱ መሬቱን መሸጥ ይፈልጋል። ገዢው ግን መሬቱን ቢያስመረምርና መርዝ ቢገኝ ዜናው ከእጁ አይወጣም። ሻጩም ቢሆን አስመርምሮ አንዴ ካወቀ፣ አላውቅም ማለት አይችልም። ስለዚህ ሁሉም "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለ። አጥር አጠረ፤ ቁልፍ ቆለፈ፤ ግብሩን እየከፈለ ወይም ጭራሹን ትቶት ተቀመጠ። አዲስ ፋብሪካ የሚያቆመው ባለሀብት ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ማንም ያልነካውን የእርሻ መሬት ገዛ። ከተማው መሐሉ እየሞተ ጫፉ እየሰፋ ሄደ። መርዝን ለመከላከል የወጣ ሕግ፣ መርዙ ባለበት እንዲቀመጥ አደረገው ማለት ነው።

ባንኮቹን ያስበረገገ አንድ መዝገብ አለ፤ ፍሊት ፋክተርስ ይባላል። በጆርጂያ ግዛት አንድ የጨርቅ ማተሚያ ፋብሪካ ከዚህ አበዳሪ ገንዘብ ይወስድና ይከስራል። አበዳሪው መያዣውን ይወርስና ማሽኖቹን በጨረታ ያሸጣል። ኢ.ፒ.ኤ በ1984 ሲመጣ መርዛማ ኬሚካል የያዙ 700 በርሜሎችና ብዙ መኪና የሚሞላ አስቤስቶስ አገኘ፤ ወደ 400,000 ዶላር ገደማ አውጥቶም አጸዳ። ከዚያ አበዳሪውን ከሰሰ። በ1990 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ብይን ባንክ ሁሉ እንቅልፍ እንዲያጣ አደረገ፤ አበዳሪ በቆሻሻው አያያዝ ላይ ተጽዕኖ የማሳደር አቅም ካለው ሊጠየቅ ይችላል የሚል ነበርና። ኮንግረሱ ነገሩን በ1996 እስኪያስተካክለው ድረስ በአሮጌ ፋብሪካ መሬት ላይ ብድር መጠየቅ ባንክ ቤት ገብቶ ጭቃ መጣል ያህል ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ወጥመድ መውጫ ይሆናል የተባለ አንድ ቀዳዳ በ1986 ተከፍቶ ነበር። ገዢው ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ማጣራት ሁሉ አድርጎ፣ ምንም ሳያገኝ ከገዛና መርዙ በኋላ ብቅ ካለ፣ "ንጹሕ ባለይዞታ" ተብሎ ከተጠያቂነት ይድናል። ልብ በሉ፦ ምንም ካላገኘ ነው። አጣርቶ ካገኘ ግን ንጽሕናው እዚያው ላይ አከተመ። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር ማን ነው ጠበቅ አድርጎ የሚቆፍር?

ያም ሆኖ "ተገቢ ማጣራት" ምን ማለት እንደሆነ የሚደነግግ መመዘኛ በ1993 ወጣ፤ የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ምርመራ የሚባለው አሠራርም እየጠነከረ መጣ። ታሪክ የምንወድ ሰዎች ስለሆንን እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ደረጃ ምርመራ አካፋም ላቦራቶሪም የለበትም። ከሞላ ጎደል የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። መርማሪው ግቢውን በእግሩ ይዞራል፤ የዘይት ጠባሳ፣ የታንከር ክዳን፣ ሣር የማይበቅልበት ጥግ ይፈልጋል። ከዚያ ቤተ መዛግብት ይገባል። የድሮ የአየር ፎቶ፣ የድሮ የአድራሻ መጽሐፍ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የስም ማዛወሪያ ሰነድ ያገላብጣል። በመጨረሻም ቦታውን የሚያውቁ ሰዎችን ያነጋግራል።

ከእነዚህ ሰነዶች ሁሉ የሚጣፍጠው የሳንቦርን ካርታ ነው። ሳንቦርን በ1867 የተመሠረተ የካርታ ድርጅት ነው፤ ደንበኞቹ የእሳት መድን ኩባንያዎች ነበሩ። መድን ሰጪው ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ ኦሃዮ ላለ መጋዘን ዋስትና ሲሰጥ፣ ሕንፃው ከምን እንደተሠራና ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ስለዚህ የሳንቦርን ሰዎች ወደ 12,000 ከሚጠጉ የአሜሪካ ከተሞች እየዞሩ እያንዳንዱን ሕንፃ ሣሉ። ሮዝ ጡብ ነው፤ ቢጫ እንጨት ነው። ቦይለሩ የት እንዳለ፣ የቀለም ቤቱ የት እንደሆነ፣ የቤንዚን ታንኩ ከየትኛው ጥግ እንደተቀበረ ሁሉ ተጽፏል። ሠሪዎቹ የፈሩት እሳትን ነበር። መቶ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጆቻቸው መርዝ የሚያፈላልጉበት ካርታ ሆነ። ዛሬ ባዶ ሜዳ የሆነው ቦታ በ1910 ቆዳ ፋብሪካ፣ በ1930 ጋራዥ፣ በ1950 ላውንደሪ እንደነበረ አንሶላ በአንሶላ ላይ እየደረቡ ማየት ይቻላል።

ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሺህ ዶላር ብቻ ይፈጃል። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። መሬቱ ይሰረሰራል፤ አፈሩና የከርሰ ምድር ውኃው ላቦራቶሪ ይገባል፤ ሒሳቡም በአሥር ሺዎች ቤት ይሆናል። አሁን ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። መሬቱ ራሱ 50,000 ዶላር የማያወጣ በሆነበት ሰፈር ማን ነው ሌላ 50,000 ለምርመራ የሚያወጣው? ማንሃተን ቢሆን ገበያው ራሱ ይከፍላል። ክሊቭላንድ ከሆነ ግን ገበያው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

ክሊቭላንድን የጠራነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሃዮዋ ከተማ በ1950 ወደ 915,000 ነዋሪ ነበራት፤ በ1990 የቀራት 505,000 ገደማ ነው። መሐሏን አቋርጦ የሚያልፈው የካያሆጋ ወንዝ ከፋብሪካ ዘይት ብዛት የተነሣ በተደጋጋሚ እሳት ይነሳበት ነበር፤ በሰኔ 1969 የተነሳው የአገር መነጋገሪያ ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት ኢ.ፒ.ኤ እንዲቋቋም ግፊት ካሳደሩት ነገሮችም አንዱ ተብሎ ይጠቀሳል። በነገራችን ላይ ታይም መጽሔት ያንን እሳት ሲዘግብ ያወጣው ፎቶ የ1952ቱ እሳት ነበር። የ1969ኙ ፎቶ ሳይነሳ ጠፍቷል። ለአንባቢ ይህን ስህተት ማን ይነግረዋል? እሳቱስ እሳት ነው።

የካያሆጋ ካውንቲ የፕላን ኮሚሽን በ1992 ባለሥልጣናትን፣ ባንኮችን፣ ነጋዴዎችንና የአካባቢ ተቆርቋሪዎችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ይህን የተቆለፈ መሬት ጉዳይ አነጋገረ። "ብራውንፊልድ" የሚለው ቃል መጠሪያ እየሆነ የመጣውም በዚያን ሰሞን ነው፤ ካልተነካው አረንጓዴ መስክ ለመለየት ቡናማ መስክ እንደማለት። በ1993 ኢ.ፒ.ኤ የመጀመሪያውን የሙከራ ድጋፍ ለዚሁ ካውንቲ ሰጠ። 200,000 ዶላር!

ከሱፐርፈንድ ቢሊዮኖች ጎን ይህ ገንዘብ የሻይ ነው። ግን ምን ለማድረግ እንደተሰጠ እዩ። አንድ በርሜል እንኳ ለማንሳት አልነበረም። ቦታ ለመዘርዘር፣ ለመመርመር፣ ለመመካከር፣ ለማቀድ ነበር። መንግሥት ለጥያቄው ከፈለ፤ መልሱን ለሌሎች ተወ። የአሠራሩ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ባለሀብትን የሚያስፈራው ብዙውን ጊዜ መርዙ አይደለም፤ የመርዙን መጠን አለማወቁ ነው። "ጽዳቱ 300,000 ዶላር ይፈጃል" የሚል ወረቀት ከያዘ፣ ያንን ከመሬቱ ዋጋ ቀንሶ ይደራደራል። "ምናልባት ምንም፣ ምናልባት 30 ሚሊዮን" ከተባለ ግን ስልኩንም አያነሳም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው የእኛው ተረት ለሪል ስቴት የተተረተ ይመስላል።

በጥር 1995 የኤጀንሲው ኃላፊ ካሮል ብራውነር ይህን ሙከራ ወደ አገር አቀፍ ፕሮግራም አሳደጉት። ኤጀንሲው ተጠርጣሪ ቦታዎችን ከሚይዝበት ትልቅ መዝገብ ከ20,000 በላይ የሚሆኑትን አወጣ፤ እነዚህ ቦታዎች የፌዴራል ጽዳት የማያስፈልጋቸው ሆነው ሳለ ስማቸው በዝርዝሩ ውስጥ በመኖሩ ብቻ ገዢ ሲርቃቸው የኖሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቦስተን፣ በፊላደልፊያ፣ በዲትሮይት፣ በኦክላንድና በአትላንታ የነዋሪዎች መድረኮች ተካሄዱ። በፋብሪካ አጥር ሥር ያደጉት ጥቁሮች፣ ላቲኖችና ድሆች በእነዚህ መድረኮች ያነሱት ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር፦ መሬቱ ሲጸዳ እኛ እዚያ እንኖራለን ወይ? ይህችን ጥያቄ ያዟት፤ እንመለስባታለን።

እስከ 2000 ድረስ ከ300 በላይ ከተሞችና ማኅበረሰቦች ይህን የሙከራ ገንዘብ አገኙ። የማወቅ ወጥመዱ ግን በሕግ ገና አልተፈታም ነበር። የተፈታው ጥር 11 ቀን 2002 ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኮንሾሆከን በምትባል የቀድሞ የኢንዱስትሪ ከተማ የብራውንፊልድ ሕጉን ፈረሙ። ሴኔቱ ረቂቁን 99 ለ0 አሳልፎት ነበር። በአሜሪካ ፖለቲካ 99 ለ0 ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ሕጉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለምርመራና ለጽዳት በዓመት እስከ 200 ሚሊዮን፣ ለግዛቶች ፕሮግራም ደግሞ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ ፈቀደ። ሁለተኛውና ለእኛ ትልቁ፣ የማወቅን ትርጉም ገለበጠው። ከዚያ ቀን በኋላ ከመግዛቱ በፊት አጣርቶ፣ መርዝ መኖሩን አውቆ የገዛ ሰው፣ ብክለቱን እስካላባባሰና ተገቢውን ጥንቃቄ እስካደረገ ድረስ አይጠየቅም። ትናንት ያወቀ ይከሰስ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ያላወቀ ይከሰሳል። ቁፋሮ ጋሻ ሆነ። እኛ ከታሪኩ ሁሉ አንድ ቀን ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህን ቀን ነው።

ሕጉ ለብራውንፊልድ የሰጠው ፍቺም ልብ ይነካል፤ አደገኛ ነገር በመኖሩ ወይም "ሊኖር በመቻሉ" ምክንያት መልሶ ማልማቱ የተወሳሰበ ንብረት ሁሉ ይላል። ጥርጣሬ ብቻውን በቂ ነው። ምክንያቱም ጥርጣሬ ብቻውን ሰፈር ይገድላል። ኢ.ፒ.ኤ በአገሪቱ ከ450,000 በላይ እንዲህ ያሉ ቦታዎች እንዳሉ ይገምታል።

ገንዘቡ በውድድር ነው የሚሰጠው። ከተማው፣ ካውንቲው ወይም የነገዱ አስተዳደር ማመልከቻ ይጽፋል፤ ያሸነፈ ይወስዳል። ኤጀንሲው ራሱ እንደሚለው እሱ ያወጣት እያንዳንዷ ዶላር ከሌላ ምንጭ ወደ 20 ዶላር ትስባለች። ሠሪው ስለ ሥራው ሲናገር ጆሯችንን ትንሽ ሸፈን ማድረግ ለምደናል፤ መሬቱ ያለ ድጋፉም ይለማ እንደነበረ ማን ያውቃል? ደግሞም ጥሩ ማመልከቻ የሚጽፍ ባለሙያ ያለው ትልቁ ከተማ እንጂ አንድ ጸሐፊና አንድ ከንቲባ ያላት የገጠር ከተማ አይደለችም። በ2018 የወጣው ማሻሻያ ለትናንሽና ለድሃ ማኅበረሰቦች የሙያ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ መጨመሩ ይህ ችግር እንደነበረ ምስክር ነው።

ምርመራ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሕጉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ፍራንክሊን በምትባል ቀበሌ ኪዲ ኮሌጅ የተባለ የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ። ሕንፃው ቀድሞ የቴርሞሜትር ፋብሪካ ነበር፤ ቴርሞሜትር ማለት ደግሞ ሜርኩሪ ማለት ነው። በሚያዝያ 2006 የግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መርማሪ ባዶ ፋብሪካ አያለሁ ብሎ ሲሄድ ልጆች ሲጫወቱ አገኘ። ማቆያው የተዘጋው ግን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስት ወር! ከተመረመሩት ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ከፍ ያለ የሜርኩሪ መጠን ተገኘባቸው። ለማቆያው የተሰጠው ፈቃድ በየጠረጴዛው አልፏል፤ "ይህ ቤት ትናንት ምን ነበር?" ብሎ የጠየቀ ጠረጴዛ ግን አልነበረም። በ2007 መጀመሪያ ግዛቱ ያንን ጥያቄ በሕግ አስገዳጅ አደረገው።

የኢስት ቺካጎው ደግሞ ይብሳል። በኢንዲያና ግዛት በምትገኘው በዚህች ከተማ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዌስት ካሉሜት የተባለ የመንግሥት የኪራይ መንደር ተሠራ፤ የቆመው የእርሳስ ማቅለጫ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ቦታው በሱፐርፈንድ ቅድሚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2009፣ ነዋሪው ልቀቁ የሚል ደብዳቤ የደረሰው በ2016 ነው። ከ1,000 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም ወደ 670 የሚጠጉት ልጆች። በአንዳንድ ግቢዎች የተገኘው እርሳስ ለመኖሪያ አፈር ከተፈቀደው ከመቶ እጥፍ በላይ ነበር። በ2018 መንደሩ ፈረሰ። ከአርባ ዓመት በላይ ሕፃናት በዚያ አፈር ላይ ኳስ ተራገጡ። ያ መንደር ሲታቀድ የሁለተኛ ደረጃ ምርመራ የሚባል ነገር ቢኖርና የሚከፍልለት ቢገኝ ኖሮ፣ ዋጋው ስንት ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡት።

አሁን ያቺን የነዋሪዎች ጥያቄ እንመልሳት። መሬቱ ታወቀ፤ ጸዳ፤ ለማ። ከዚያስ? ኢ.ፒ.ኤ የሚጠቅሰው በ2017 የታተመ ጥናት ከጸዱ ብራውንፊልዶች አቅራቢያ ያሉ ቤቶች ዋጋ ከ5 እስከ 15 በመቶ እንደጨመረ ያሳያል። ኤጀንሲው ይህን እንደ ድል ነው የሚያወራው። የራሱ ቤት ላለው በእርግጥ ድል ነው። ተከራዩ ግን ያንኑ ዜና የሚሰማው በቤት ኪራይ ጭማሪ ነው። ሰላሳ ዓመት ጭሱን የዋጠ ሰው አየሩ ሲጠራ ሻንጣውን ያነሳል። የሕዝብ ገንዘብ ለምርመራ ሲወጣ አብሮ የኪራይ መከላከያ የማይወጣበትን ምክንያት ፈልገን አጥጋቢ መልስ አላገኘንም።

አትላንታ ያላችሁ ወገኖቻችን ከክላርክስተን ተነስታችሁ ለሲኒማ ወይም ለሸመታ አትላንቲክ ስቴሽን ሄዳችሁ ይሆናል። ያ 56 ሄክታር ገደማ መሬት ከ1901 ጀምሮ የጥጥ እስር ማሰሪያና የበርሜል ቀለበት፣ በኋላም ብረት የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። በ1998 ተዘጋ፤ ኢ.ፒ.ኤ በልዩ የሙከራ ስምምነት መንገዱን አመቻችቶለት በ2005 ሱቅና አፓርታማ ሆኖ ተከፈተ። ያማረ ነው። ማንኪያ ለማጠፍ የማይበቃ ብረት እንኳ የሚሠራበት የለም፤ የብረት ሠራተኛ ደሞዝ ያለው ሰው እዚያ ቤት ይከራያል ብለንም አናስብም።

የመጨረሻው ትልቅ ገንዘብ የመጣው በኅዳር 2021 ነው። የመሠረተ ልማት ሕጉ ለብራውንፊልድ በአምስት ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ። አንድ ከተማ ለምርመራ እስከ 500,000 ዶላር፣ ከራሱ ኪስ መዋጮ ሳይጠየቅ፣ ማግኘት እንዲችል ሆነ። ከ1993ቷ 200,000 ጋር አስተያዩት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ አንድ የሚገርም ግጥጥሞሽ አለ። የእኛም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 300/1995 (ይሄ በእኛ ዘመን ነው)፣ የወጣው በዚያው በ2002 ነው። በካይ ያጽዳ ወይም የጽዳቱን ዋጋ ይክፈል ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ብሏል። ግን የእኛን የፋብሪካ መሬት ታሪክ አስቡት። አንድ ባለሀብት ያቋቁመዋል፤ በ1975 ደርግ ይወርሰዋል፤ በኢሕአዴግ ዘመን ወደ ግል ይዞራል፤ ከዚያ ይዘጋና ቦታው ለሕንፃ ይፈለጋል። በካዩ የትኛው ነው? አሜሪካኖቹ ሲጨንቃቸው የዛሬውን የመሬት ባለቤት ይይዙ ነበር። በእኛ ሕግ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱን እንያዝ ካልን የምንይዘው ራሳችንን ነው። እንግዲያው የምርመራው ሒሳብም ዞሮ ዞሮ ወደ ሕዝብ ካዝና መምጣቱ አይቀርም፤ ከሊዙ ጨረታ በፊት ይምጣ ወይስ ልጆች ከገቡበት በኋላ የሚለው ነው ልዩነቱ።

ለአዲስ አበባ ሳንቦርን የሚባል ድርጅት ካርታ አልሣለላትም። የመጀመሪያው ደረጃ ምርመራ አንድ አንቀጽ ግን ለእኛም ይሠራል፤ ቦታውን የሚያውቁትን አነጋግሩ የሚለው። የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካዎች የድሮ ሠራተኞች የማቅለሚያው ፍሳሽ በየት እንደሚወጣ፣ የተቃጠለው ዘይት ከየትኛው ግንብ ጀርባ ይደፋ እንደነበረ በቃላቸው ያውቃሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አንድ የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና የታክሲ ሒሳብ ይበቃል፤ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ካጣችሁ፣ ይኸውላችሁ።